ለወደቁ አርበኞች ማሲንቆ መሥራት

የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ሮዶልፎ ግራዚያኒ መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም. ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም፣ በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች፣ ጠንቋዮችና ሟርተኞች እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያ ዕለትም 70 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት አንድ ወር ገደማ ሆኖት ነበር። አዝማሪ ጠመንጃ አልያዘም። ከገበያ ገበያ፣ ከሠርግ ሠርግ እየዞረ ማን እንደ ሸፈተ፣ ማን እንደ ገባ፣ የት ቦታ ምን ዓይነት ውጊያ እንደ ተደረገ በዜማ ያደርሳል እንጂ። ጠላት ያንን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው የገደላቸው።

ለአርበኛ መታሰቢያ ለማድረግ የምታስቡ ቤተሰቦች፣ የቀበሌ ማኅበሮችና የትምህርት ቤት ክበቦች ካላችሁ፣ ከሐውልት በፊት ማሲንቆ አስቡ የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ምዕራብ ጎጃም ለዚህ ሥራ የሚሆን ታሪክ ሞልቶታል። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የተዋጉት በዚህ አገር ነው። የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ በ1933 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከአርበኞቹ ጋር ሊመክር መጥቶ የሰፈረው ሰከላ፣ የዓባይ ምንጭ ባለበት አገር ነው። ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቅቆ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሦስተኛው ቀን ደምበጫ አጠገብ ብርቱ ውጊያ ተደርጓል። በእነዚህ ቦታዎች ከወደቁት የብዙዎቹ ስም በመጽሐፍ አልገባም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ ጅጋም ይኖራሉ።

አንድ ነገር ከመነሻው እንወስን። የምትሠሩት ማሲንቆ የሚጫወቱበት መሆን አለበት። ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ የባንዲራ ሪባን ታስሮበት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ሥራው አልተሠራም። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ፣ የእንጨቱም የቆዳውም የስሙም፣ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

የሟቹ ቤተሰብ ነገሩን መቀበሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ማሲንቆን «የአዝማሪ ዕቃ» ብለው የሚንቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ለመንፈሳዊ መታሰቢያ የሚመርጡት ባለ 10 አውታሩን በገና ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ፍላጎታቸውን አክብሩ። በገና ግን ሌላ ሙያ፣ ሌላ ልምድ ይጠይቃል። ሽለላና ቀረርቶ ወዳለበት፣ ሕዝብ ቆሞ ወደሚሰማበት አደባባይ የሚወጣው ማሲንቆ ነው። የሚያቅማሙትን ሰዎች በክርክር አትርቱ፤ የግራዚያኒን ትእዛዝ ንገሯቸው። ይህን ሰምቶ የአዝማሪን ሙያ ደግሞ የሚንቅ ሰው ጥቂት ነው።

ስም ሰብስቡ

እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት ስሙ ያልቅ። ዕቃው ሲሠራ የሚቸኩለው እጅ ነው፤ ስም ግን ሽማግሌ እስኪገኝ፣ ከገበያ እስኪመለስ፣ ከሕመሙ እስኪሻለው ይጠብቃል።

ለእያንዳንዱ ሰው የዓለም ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ የክርስትና ስሙን፣ ካለውም የፈረስ ስሙን ያዙ። በጎጃም የፈረስ ስም የጦር ሜዳ ስም ነው። በላይ ዘለቀን «አባ ኮስትር» ብሎ የሚጠራው ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ለማሲንቆ ግጥም ከሁሉ የሚመቸውም ይኸው ስም ነው፤ አጭር ነው፣ ያስፎክራል፣ ቤት ይመታል። ቀጥሎ የወደቀበትን ቦታ ጠይቁ። «ጦርነት ላይ ሞተ» የሚል መልስ አይበቃም። የትኛው ወንዝ፣ የትኛው አምባ፣ ከማን ጋር ሆኖ፣ ማን ቀበረው በሉ። ሁለት ሽማግሌዎችን ለየብቻቸው ጠይቁና ቃላቸውን አስተያዩ። አንድ ላይ ብታስቀምጧቸው ታናሹ ታላቁን ይከተላል።

ተዝካር የወጣለት ሰው ከሆነ የደብሩ አገልጋዮች የክርስትና ስሙን ሊያውቁት ይችላሉ። አዲስ አበባ ያለውን የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሴቶቹንም አትዝለሉ። ስንቅ ያቀበለች፣ በእንስራዋ ጥይት ያሳለፈች፣ ጠላት የት እንደ ሰፈረ አይታ የነገረች ሴት ብዙውን ጊዜ «የእገሌ ሚስት» ተብላ ብቻ ትቀራለች። የራሷን ስም እስክታገኙ ድረስ ጠይቁ።

ክርክር ያለበት ስም ይገጥማችኋል። አንዱ «አርበኛ ነው» ሲል ሌላው «መጀመሪያ ባንዳ ነበር» ይላል። በአምስቱ የጣሊያን ወረራ ዓመታት ገብቶ የወጣ፣ ወጥቶም የገባ ሰው በየአገሩ ስለነበር ይህ አያስደንቅም። እናንተ ፍርድ ቤት አይደላችሁም፤ ሁሉም የተስማማበትን ብቻ ጻፉ፤ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን ወደቀ ማለት ይበቃል። በላይ ዘለቀ እንኳ ጣሊያንን አምስት ዓመት ተዋግቶ በጥር 1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቅሏል። ይህ ሁሉ ግን ጎጃም ስሙን ከማንሣት አላገደውም።

የምታስታውሱት በቅርብ ጊዜ ጦርነት የሞተ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ቁስሉ ያልደረቀ ቤት ነውና እናትየውን ሳትጠይቁ አንድ እንጨት አትቁረጡ። «አሁን አይሆንም» ካለች ሥራው ይቆይ።

እንጨቱ

ጊዜውን ከሚያዝያ 27 ወደ ኋላ ቁጠሩት። የአርበኞች የድል ቀን ማሲንቆው የሚወጣበት ቀን ከሆነ እንጨቱ በጥቅምት መጨረሻ መገኘት አለበት። በክረምት አትጀምሩ። የዳሞት ክረምት ቆዳም አያደርቅ፣ እንጨትም አያደርቅ።

ለሣጥኑ ከዋንዛ የሚሻል አላውቅም። ቀላል ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፤ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ከበሮና ገበቴ የሚጠረቡትም ከእሱ ነው። ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ግን በሕግ ያስጠይቃል፤ የቆመ ዛፍ ፍለጋ አትሂዱ። አሮጌ እንጨት ይሻላል፤ የፈረሰ ቤት ደጃፍ፣ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ፣ ጥቅሙ ያለቀ ሣጥን። ለብዙ ዓመት በቤት ጭስ የኖረ ዋንዛ መድረቅ የሚገባውን ያህል ደርቋል። ከሟቹ ቤት የተገኘ ከሆነ መልካም ነው፤ ለስሜት ብላችሁ ግን የነቀዘ እንጨት አትውሰዱ። በጥፍራችሁ ስትጫኑት የሚሰምጥ፣ ስታንኳኩት የማይጮህ ከሆነ ተዉት። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፤ ለሣጥን አይሁን።

እርጥብ እንጨት ብቻ ካገኛችሁ በሳንቃ አስቆርጣችሁ ማድቤት ውስጥ ከእሳቱ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አኑሩት። ሳንቆቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ቀጭን እንጨት አጋድሙ። ጭሱ ነቀዝ ይከለክልላችኋል።

ለአንገቱ ወይራ ምረጡ። የአውታሩን ጉተታ የሚሸከመው እሱ ስለሆነ መለመጥ የለበትም። ሲመረጥ ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ጉጥ የሌለበት፣ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ የሚሄድ ይሁን።

ብዙ ቤተሰብ ከጦርነቱ የቀረ ዕቃ በማሲንቆው ላይ እንዲገባ ይፈልጋል። ለዚህ ትክክለኛው ቦታ መቃኛው ነው። መቃኛ ትንሽ ነው፣ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል፣ ተጫዋቹም ሁልጊዜ በእጁ ይይዘዋል። ከተሰበረ አሮጌ ምንሽር ወይም አልቢን ሰደፍ የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ከተገኘች ድንቅ መቃኛ ይወጣታል። ቀለህ በሣጥኑ ላይ መለጠፍ ግን አልደግፍም። ይከብዳል፣ የሣጥኑን ድምፅ ያፍናል። በሣር ውስጥ የተገኘን ያልተተኮሰ ጥይት ወይም የዛገ ቦምብ መሰል ብረትማ ጨርሶ አትንኩ፤ ቦታውን አስታውሱና ለፖሊስ ንገሩ። ዕድሜው የገፋ ፈንጂ ሰው ይገድላል።

ሣጥኑና አንገቱ

አራት የዋንዛ ሳንቃ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ርዝመቱ 22 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 9፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የሁሉንም ጫፎች በ45 ዲግሪ ቆርጣችሁ ስትገጥሟቸው እኩል ጎን ያለው ክፈፍ ይወጣል። ያን በአንድ ማዕዘኑ ስታቆሙት የማሲንቆ ቅርጽ ሆነ ማለት ነው። ማዕዘኖቹን በእንጨት ኮላ አጣብቁ፤ ከውስጥ በኩልም በየማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ያለው ትንሽ ደጋፊ እንጨት አጣብቁበት። ሚስማር አትጠቀሙ፤ እርጥብ ቆዳ ሲለብሰው ይዝግና ቆዳውን ይበላዋል። ክፈፉን በገመድ ዙሪያውን አጥብቃችሁ እሰሩና አንድ ሌሊት ይደር።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ቁመት 31 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። አንገቱ በላይኛው ማዕዘን ገብቶ፣ ሣጥኑን አቋርጦ፣ በታችኛው ማዕዘን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ማለት አለበት። ከላይ 46 ሳንቲ ሜትር ሲተርፍ የአንገቱ ጠቅላላ ርዝመት 80 ይሆናል። ረጅም ክንድ ላለው ተጫዋች 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። የሚጫወተውን ሰው አስቀድማችሁ አግኝታችሁ ክንዱን ለኩ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው።

አንገቱን በመጥረቢያ ካስተካከላችሁ በኋላ በመላጊያ አለስልሱት። ከሣጥኑ ውጭ ያለው ክፍል እጅ የሚመላለስበት ስለሆነ ክብ ይሁን፤ ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ይቅር፤ እንዳይዞር የሚይዘው ያ ነው። ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ ጀምራችሁ በመሮ አስፉ። አንገቱ በእጅ ግፊት የሚገባ፣ በእጅ ጉተታ ግን የማይወጣ መሆን አለበት። ከላላ በቀጭን የወይራ ሽብልቅ አጥብቁት። አንገቱ በሣጥኑ ጥልቀት መካከል ይለፍ። ወደ ፊት ተጠግቶ ቆዳውን ከነካ ድምፁ ይታፈናል።

ከአንገቱ አናት ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ የመቃኛውን ቀዳዳ ብሱ። መቃኛው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ሲገፋ የሚጠብቅ ይሁን። በኋላ ቢንሸራተት ጠመኔ ቀቡት፤ ይይዛል።

ቅርጽ ለመቅረጽ የሚፈቀደው የአንገቱ አናት ብቻ ነው፤ የሣጥኑን ጎን ቆዳ ይሸፍነዋል። መስቀል፣ የጎጃም ጋሻ፣ የፈረስ ራስ፣ የወደዳችሁትን ሥሩ፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አትጥለቁ። ጣት የሚሄድበት ቦታ ንጹሕ ይሁን።

አሁን ቆዳ ከመልበሱ በፊት የሣጥኑ ውስጥ ለአንድ ቀን ለእናንተ ክፍት ነው። የሰበሰባችኋቸውን ስሞች የምትጽፉት እዚህ ነው። በውስጠኛው ገጽ ላይ በጥቁር ቀለም፣ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ባለው ሰው እጅ ይጻፉ። የቅኔ ቤት ደብተራ ብታገኙ የጥላሸት ቀለሙን ራሱ ያዘጋጅላችኋል፤ የጥላሸት ቀለም በብራና ላይ ዘመናትን የሚቆይ ነው፣ የእስክሪፕቶ ግን ይደበዝዛል። ስም፣ የአባት ስም፣ የፈረስ ስም፣ ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት። ማዕረግ አትደርድሩ፣ ቦታ ይወስዳል። የጻፋችሁትን ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ለቤተሰቡ፣ ለቀበሌውና ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ከውጭ በአንገቱ አናት ላይ አንድ መስመር ብቻ ይቀረጽ፤ ለማን መታሰቢያ እንደሆነና የተሠራበት ዓመት።

ቆዳው

በዚህ ሥራ ብዙው ማሲንቆ የሚበላሸው ቆዳው ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር።

የፍየል ቆዳ ይሻላል፤ ስስና ጠንካራ ነው። ፍየል ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል። ካልተገኘ የወጣት በግ ቆዳም ይሠራል፤ ቶሎ ግን ይላላል። የለፋ ቆዳ አትግዙ። የምትፈልጉት ጥሬውን፣ በጨው ያልታሸ፣ ቢላ ያልበሳው ቆዳ ነው። ከአራጁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በችኮላ ሲገፈፍ የተጫረ ቆዳ ሲወጠር ከዚያው ላይ ይቀደዳል።

ቆዳውን በንጹሕ ውኃ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ንከሩት። ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ። ፀጉሩን በሁለት ጣት ስትነጩት ያለ ትግል ከወጣ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይበሰብሳል። ሰከላ ያላችሁ ሰዎች፣ ለበረከት ብላችሁ ቆዳውን በግሽ ዓባይ ምንጭ እንዳትነክሩ። ሕዝብ የሚጠመቅበትና የሚጠጣው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጸበል ነው። የወንዝ ውኃ ይበቃል፤ እሱንም ቀድታችሁ በገንዳ ውስጥ።

ፀጉሩን ከፋቃችሁ በኋላ ገልብጣችሁ የሥጋውን ወገን ፋቁ። ስቡ ከቀረ ቆዳው እንደደረቀ ይሸታል፣ ድምፅም አይሰጥም። በአካባቢያችሁ ብራና ፋቂ ካለ ይህን ክፍል ለእሱ ስጡ፤ ጎጃም የመጻሕፍት አገር ነውና በየደብሩ የሚያውቅ አይጠፋም። ብራና ፋቂ ቆዳውን በመወጠሪያ ላይ ገትሮ ሲፋፍቀው ውፍረቱን በብርሃን እያየ ነው። እናንተም እንዲሁ ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ብርሃኑ በሁሉም ቦታ እኩል ካለፈ ይበቃል፤ ጠቆር ያለ ቦታ ካለ ያን ብቻ መልሳችሁ ፋቁ።

ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለጀርባ። በዙሪያው ሁሉ ከሣጥኑ 5 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፤ ሁለቱ በሣጥኑ ጎን ላይ የሚገናኙት በዚህ ትርፍ ነው። ጠርዛቸውን በወስፌ እየበሳችሁ በቀጭን ጠፍር የፊቱን ከጀርባው፣ የጀርባውን ከፊቱ እያመላለሳችሁ ስፉ። ቆዳውም ጠፍሩም እርጥብ ይሁኑ። አንድ ሰው ይጎትት፣ አንድ ሰው ይስፋ። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች፣ ከዚያ መካከሉን ያዙ፤ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ዝም ብላችሁ ከዞራችሁ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። እርጥብ ሳለ ከመጠን በላይ አትወጥሩት፤ ሲደርቅ ራሱ ይኮማተራል፣ ብዙ ከተወጠረም ይፈነዳል ወይም ሣጥኑን ያጣምመዋል።

ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ውሻና አይጥ በማይደርሱበት ሦስት ወይም አራት ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አታውጡት። ሲደርቅ በጣት አንኳኩት፤ ከበሮ ከመሰለ ደርሷል። በጀርባው ቆዳ መካከል በጋለ ወስፌ ትንሽ ቀዳዳ ብሱለት፤ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ያገኛል።

ጭራው

ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ለማግኘት ከእንጅባራ የተሻለ ቦታ የለም፤ ከቡሬም ሩቅ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ጣሊያን አገሩን ይዞ በነበረበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር አዊ በፈረስ ይሞላል። ለጦር መታሰቢያ በሚሠራ ማሲንቆ ላይ ከዚያ በዓል ፈረስ የተገኘ ጭራ ቢወጠር የሚያኮራ ነው፤ ጥር 23ም ለሥራችሁ በትክክለኛው ጊዜ ላይ ይውላል። ባለፈረሱን አስፈቅዱ፤ ከጅራቱ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ እንጂ አንድ ቦታ አትላጩ።

የወንድ ፈረስ ጭራ ይመረጣል፤ የባዝራን ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል። ከአንገቱ ታችኛ ጫፍ እስከ መቃኛው ደርሶ ለማሰሪያ የሚተርፈውን ብቻ ለዩ። በሳሙና በለብታ ውኃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በማበጠሪያ አበጥሩ። እያንዳንዱን ዘንግ በሁለት ጣት መካከል እያሳለፋችሁ ፈትሹ፤ ጉብታ ወይም ስንጥር ያለውን ጣሉ። ለአውታሩ ከ30 እስከ 40 ዘንግ፣ ለደጋኑም እንዲሁ ያዙ፣ ለመተኪያም ትርፍ አስቀምጡ።

ደጋኑን ከወይራ ወይም ከክትክታ ቀንበጥ ሥሩ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን እርጥብ ቀንበጥ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ላጡ፣ በእሳት ለብ እያደረጋችሁ አጉብጡና በገመድ አስራችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት። ከዚያ ገመዱን ፈትታችሁ ጭራውን በሁለቱ ጫፍ እሰሩ።

የአውታሩን ታችኛ ጫፍ ከሣጥኑ ሥር ብቅ ባለው የአንገት ጫፍ ላይ እሰሩ፣ በፊቱ ቆዳ ላይ አሳልፋችሁ ወደ መቃኛው አውጡ። ከቆዳው መካከል ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ አውታሩን ከፍ አድርጋ የምትይዘውን በርኩማ አቁሙ፤ ቁመቷ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ እግሮቿ ቆዳው ላይ በደንብ የሚቀመጡ ይሁኑ። ከመቃኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ አውታሩን ከአንገቱ ጋር በጠፍር ቀለበት ያዙት። አውታሩ ከአንገቱ ርቆ ይቆማል፤ ጣት ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም።

አሁን ብትገዘግዙት ምንም ድምፅ አይወጣውም። አትደንግጡ። አዲስ ጭራ ዕጣን ካልተቀባ አይናገርም። ጠጣር ዕጣን ይዛችሁ የደጋኑንም የአውታሩንም ጭራ ደጋግማችሁ እሹ፤ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ። ከዚያም የሚንጫጫ ከሆነ የበርኩማዋን እግር አስተካክሉ፤ የሚያንኮራኩር ከሆነ የላላ የቆዳ ስፌት ፈልጉ።

የሚጫወተው ሰውና ግጥሙ

መቃኘቱን ለአዝማሪው ተዉት፤ በራሱ ድምፅ ልክ ነው የሚቃኘው። ምን እንደሚጫወት ግን አብራችሁ ምከሩ። ስሞቹን፣ የወደቁበትን ቦታና የፈረስ ስማቸውን በጽሑፍ ስጡት፤ ግጥሙን እሱ ይግጠም። ሥራው ነው፤ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቅበታል። የእናንተ ድርሻ ስም እንዳይሳሳት ማረጋገጥ ብቻ ነው። ከበዓሉ በፊት አንድ ምሽት ለቤተሰቡ ያሰማ። ያልወደዱት ስንኝ ካለ ይቀየር።

በባልካን አገሮች ጉስሌ የሚባል መሣሪያ አለ፤ እሱም የፈረስ ጭራ አውታሩን በደጋን እየገዘገዙ የጦር ጀግኖችን ታሪክ ያዜሙበታል። የሰርቢያውን የጉስሌ ዜማ ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እነሱ መሣሪያውን ያቆዩት ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ በመጫወት ነው። እናንተም አብራችሁ ተማሪ አስመድቡ። አዝማሪው ከትምህርት ቤቱ ሁለት ልጆች ቢያስተምር ማሲንቆው ባለቤት አገኘ።

ሚያዝያ 27 የሚወጣበት ቦታ አደባባይ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ይሁን። ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አታስገቡት፤ የዚያ ቦታ ዜማ ሌላ ነው። ጸሎተ ፍትሐቱ በጠዋት ይደረግ፣ ማሲንቆው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ስሞቹ ሲጠሩ የሟቾቹ ዘመዶች ከፊት ይቀመጡ። ሽለላው ሲሞቅ የሚነሣ ፎካሪ አይጠፋም፤ ይፎክር። ጥይት መተኮስ ግን ከመጀመሪያው ይከልከል።

ከዚያ በኋላ

ማሲንቆው ማን ቤት እንደሚያድር በጽሑፍ ተወስኖ ይታወቅ። ተጫዋቹ ጋር ቢሆን ይሻላል። ሲቀመጥ አውታሩ ይላላ፣ በርኩማዋ ትውረድ፤ ተወጥሮ ከከረመ ቆዳው ይሰምጣል። በጨርቅ ከረጢት ተሰቅሎ ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ ውስጥ እርጥበት ይይዘውና ይሻግታል። በክረምት ቆዳው ሲላላ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ ለብ አድርጉት፤ ወዲያው ይመለሳል።

ጭራው በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር፤ ጥር 23 ላይ አዲስ ጭራ አምጡለት። ቆዳው ደግሞ በስንት ዓመቱ ይቀደዳል። ያኔ አትዘኑ፣ ሣጥኑንም አትጣሉ። ስፌቱን ፍቱና ውስጡን አንብቡ፤ የደበዘዘውን ስም አድምቁ፤ መጀመሪያ ሲሠራ ያልተገኘ፣ በኋላ የታወቀ ስም ካለ ባዶ በቀረው ገጽ ላይ ጨምሩ፤ ከዚያ አዲስ ቆዳ ነክራችሁ መልሳችሁ ስፉ።